የሻምፒዮን ፈረስ ፖርትሬት፦ ካታሎግ እንዳይመስል ምን ላድርግ?

ላይት_ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሰው ፖርትሬት ነው። አሁን ግን ከውድድር ወጥቶ ለእርባታ የተቀመጠ አንድ ድንጉላ እንዳነሳ ተጠይቄያለሁ። በሩጫ ዘመኑ ስም የነበረው ሻምፒዮን ነው። ባለቤቶቹ የሚፈልጉት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ፎቶ ነው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን። ፎቶ አጥተው አይደለም። መጨረሻው መስመር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ዋንጫ ሲሰጥ አበባ ደርበውለት፣ ለእርባታ ማስታወቂያ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ፣ ሁሉም አለ። “እነዚህ ሁሉ ማሸነፉን ነው የሚያሳዩት፣ እኛ እሱን ራሱን ማየት እንፈልጋለን” ነው ያሉኝ።

አባባላቸው በደንብ ገብቶኛል። እንዴት እንደምሠራው ግን ጭንቅ ብሎኛል። ሰው ሲሆን እያወራሁት ፊቱ ዘና እስኪል እጠብቃለሁ። ፈረስን ምን ብዬ ነው የማወራው? ያየኋቸው የፈረስ ፖርትሬቶች አብዛኞቹ ያምራሉ፣ ግን ከሥር የተጻፈውን ስም ብታነሱት የትኛው ፈረስ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጥቁር ባክግራውንድ፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ የተበተነ ጋማ፣ በቃ። የእኔም እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።

ስለ ሌንስ፣ ስለ ላይት፣ እንዴት እንደማቆመው፣ ኤዲት ላይም እስከ የት መሄድ እንዳለብኝ የምታውቁትን ንገሩኝ። በተለይ ከፈረስ ጋር የምትውሉ ሰዎች ብትመልሱልኝ በጣም ደስ ይለኛል።

ጋማና_ብርሃን

እንኳን ደስ አለሽ፣ የሚያስቀና ሥራ ነው ያገኘሽው። ከሌንሱ ልጀምር፣ ከሰው ፖርትሬት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው እዚያ ላይ ስለሆነ። የፈረስ ጭንቅላት ረጅም ነው፣ ከግንባር እስከ አፍንጫ ከግማሽ ሜትር በላይ ይሄዳል። ቀርበሽ በ35 ወይም በ50 ሚሊሜትር ካነሳሽው ወዳንቺ የዞረው አፍንጫ ያብጣል፣ ዓይኑ ያንሳል፣ ከኋላ ያለው ሰውነት ደግሞ ይኮሰምናል። ለፊት 135፣ ለሙሉ አካል 200 ያዢና ወደ ኋላ ራቂ። ቅርፁን የሚያበላሸው ቅርበቱ ነው፤ ረጅም ሌንስ የሚጠቅምሽ እንድትርቂ ስለሚያስገድድሽ ነው።

ከፍታውንም አስቢበት። ቆመሽ በራስሽ ዓይን ልክ ሙሉ አካሉን ካነሳሽ እግሩ ያጥራል። ካሜራውን ወደ ደረቱና ወደ ሆዱ ልክ አውርጂው። ለፊት ብቻ ከሆነ ከዓይኑ ትንሽ ዝቅ ማለት ይበቃል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እንደ ሰው ፖርትሬት 1.4 ወይም 2 ላይ ከፍተሽ አትሥሪ፣ ዓይኑ ፎከስ ሆኖ አፍንጫው ይደበዝዛል። እኔ ከ5.6 እስከ 8 ባለው ነው የምሠራው። ጆሮው አንድ አፍታ እንኳ ስለማያርፍ በተፈጥሮ ብርሃን ከሆነ ሻተሩ ከ1/500 ሴኮንድ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ላይት ላይ ምክሬ አንድ ነው፣ የጋጣ በር። ፈረሱን ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁሙትና ወደ ውጭ አዙሩት። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው በር ይሁን፣ ሰማዩ ብቻ ያብራው። ከኋላው ያለው ጋጣ ጨለማ ነው፣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በፊቱ ልክ ስታደርጊው የኋላው በራሱ ጊዜ ይጠቁራል። ጥቁር ጨርቅ መስቀል አያስፈልግሽም፣ ነፋስ ሲያርገበግበው ፈረሱን ማስደንገጥ ብቻ ነው ትርፉ። ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ በሩ ከቆመ ግን ብርሃኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ትንሽ አዙሩት። ያኔ የመንጋጋው አጥንት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ፣ ከዓይኑ ሥር ወደ አፍንጫው የሚወርዱት ደም ሥሮች ሁሉ ጥላ ይይዛሉ። አንዱን ፈረስ ከሌላው የምትለይው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

ቀለሙ ምንድን ነው? ዳማ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አምባላይ? ላይቱ በእሱ ነው የሚወሰነው።

ባልደራሱ

እኔ ስለ ካሜራ ብዙም አላውቅም። ዕድሜዬን የጨረስኩት የውድድር ፈረስ ስይዝ ነው፣ ፎቶ አንሺ ሲመጣም ዛቡን የምይዘው እኔ ነኝ። እና ከዚያ ቆሜ የማየውን ልንገርሽ ልጄ።

መጀመሪያ ፈረሱ አንቺን እንዴት እንደሚያይሽ እወቂ። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ቀጥታ ከኋላው ያለውንና ግንባሩ ፊት ቀርቦ የቆመውን ነው። ካሜራሽን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ግንባሩ ስትመጪ ድንገት ትጠፊበታለሽ፣ ያኔ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሰው ደግሞ “ይሄ ፈረስ ኃይለኛ ነው” ይላል። ኃይለኛ ሆኖ አይደለም። በትከሻው በኩል ቅረቢ፣ ከሩቅ ጀምረሽ ድምፅሽን አሰሚው።

ሌላው፣ የፈረስ ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ከሰው ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። ከላይ የተባለው የጋጣ በር ጥሩ ነው፣ ግን ከፀሐይ አምጥታችሁ ወዲያው ማንሳት አትጀምሩ። ይቁም፣ ያሽትት፣ ዕቃሽን ይይ። ፍላሽ የምትጠቀሚ ከሆነ መጀመሪያ ራቅ አድርገሽ በትንሹ አብሪው፣ ከዚያ እያቀረብሽ ሂጂ። እሱ እስኪለምድ አንቺ ካሜራውን አውርደሽ ዝም ብለሽ እይው፣ ይህም ሥራ ነው።

ሰዓቱን ጠዋት ተንቀሳቅሶ ከመጣ በኋላ አድርጊው። ድንጉላ ቆሞ አድሮ ከሆነ ጉልበቱን ሁሉ አንቺ ላይ ነው የሚያወጣው። የሩጫ ፈረስ ቆዳው ስስ ነው። ሰውነቱ ሲሞቅ ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙ ወደ ቆዳው ይመጣል፣ ደም ሥሮቹ አንገቱና ትከሻው ላይ ገመድ ገመድ ሆነው ይታያሉ፣ የአፍንጫው ቀዳዳም ገና አልተከደነም። ላቡ ተጠርጎ ትንፋሹ መርጋት ሲጀምር ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ያኔ ላይትሽ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፣ ፈረሱ ቆሞ አንቺ የላይት እግር ስታስተካክይ መሆን የለበትም።

ስለ ጆሮ። ሁሉም ፎቶ አንሺ ሁለቱም ጆሮ ወደ ፊት እንዲቆም ይፈልጋል። ፌስታል ያንኮሻኩሻሉ፣ ከስልክ የፈረስ ድምፅ ያሰማሉ። አንዴ ይሠራል፣ ሲደጋገም ጆሮውን ብቻ ያዞራል፣ ከዚያ ንቆ ይተወዋል። ስለዚህ ድምፁን ሁሉ ነገር እስኪስተካከል አቆይው። ለእርባታ ድንጉላ ደግሞ የባዝራ ድምፅ ከስልክ እንዳታሰሚ አደራ፣ የያዘውን ሰው አደጋ ላይ ትጥይዋለሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ አንዱ ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ያዘው ሰው የዞረ ፎቶ ይበልጥብኛል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚያዳምጥ ይታያላ። ወደ ኋላ ተለጥፎ የተኛ ጆሮ ግን ቁጣ ነው። ያኔ ካሜራሽን ይዘሽ ዞር በይ።

ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚይዘውን ሰው አስቀድመሽ አናግሪ። ሩቅ ሲያይ ወዴት ነው የሚያየው? ምን ሲሰማ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው? የት ሲያኩት ነው ከንፈሩ የሚረዝመው? እያንዳንዱ ትልቅ ፈረስ የራሱ አቋም አለው። ባለቤቱ ከሩቅ አይቶ “እሱ ነው!” የሚለው በዚያ ነው።

ሥዕል_ወዳድ

የባልደራሱን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ደግሞ ከሥዕል በኩል ልምጣ፣ ምክንያቱም “እሱን ራሱን እንይ” የሚለው ጥያቄ ከካሜራ በፊት የነበረ ነው።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስተብስ እ.ኤ.አ. በ1762 ገደማ ዊስልጃኬት የሚባለውን የሩጫ ፈረስ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው ያለው፣ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ጋላቢ የለም፣ ኮርቻ የለም፣ ልጓም የለም፣ ሜዳ የለም፣ ሰማይ የለም። ከኋላው ያለው ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ቀለም ብቻ ነው፣ ሰኮናው ሥር ደግሞ ትንሽ ጥላ። ግን ምንም ነገር የጎደለ አይመስልሽም፣ ዓይኑ ላይ የራሱ ጠባይ አለ። ይህ እንዲሁ አልመጣም። ስተብስ ከዚያ በፊት ሆርክስቶ በሚባል መንደር ለ18 ወር ያህል የሞተ ፈረስ እየገፈፈ ጡንቻውንና አጥንቱን ሲሥል ቆይቷል፣ ያንንም በ1766 በመጽሐፍ አሳተመው። የሚሥለውን ፈረስ ከቆዳው ሥር ጭምር ያውቀው ነበር።

ከዚያ ፎቶግራፍ መጣ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጄሪኮ በ1821 የሣለውን የኤፕሰም ደርቢ የፈረስ ውድድር ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ሄደሽ ብታይ ፈረሶቹ አራቱንም እግር ዘርግተው አየር ላይ ናቸው። እንደዚያ የሚሮጥ ፈረስ የለም። ይህን ያረጋገጠው ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ ነው፣ በ1878 አሜሪካ ፓሎ አልቶ ላይ 12 ካሜራ ደርድሮ፣ ሳሊ ጋርድነር የምትባለው ባዝራ ስትጋልብ በየመንገዷ የተዘረጋውን ክር እየበጠሰች ራሷን አስነሳች። አራቱም እግር ከመሬት የሚነሳው ሆዷ ሥር ሲሰበሰብ ነው። ትልቅ ግኝት ነው። ግን ስለ ግልቢያ ነው የሚነግረን፣ ሳሊ ጋርድነር ምን ዓይነት ፈረስ እንደነበረች አይነግረንም።

የድል ፎቶም እንዲሁ። የአሜሪካዊውን የሩጫ ፈረስ የሴክሬታሪያትን ታውቂዋለሽ፣ ሰኔ 1973 እ.ኤ.አ. በቤልሞንት ውድድር ላይ በ31 የፈረስ ርዝመት ርቆ ያሸነፈበትን። የገባበት ሰዓት 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነበር፣ የውድድሩ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ቦብ ኮግሊያኒዝ ያነሳት ፎቶ ላይ ጋላቢው ሮን ተርኮት ዞር ብሎ የሰዓት ሰሌዳውን ያያል፣ ሌሎቹ ፈረሶች ከኋላ በጣም ርቀው ይታያሉ። ከዚያ የበለጠ የውድድር ፎቶ አላውቅም። ነገር ግን ታሪኩን የሚሸከመው በፈረሶቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ያንቺ ደንበኞች እንዲህ ያለውን አላቸው፣ ያጡት ሌላውን ነው።

በጥቁር ባክግራውንድ ግን ከጋማና_ብርሃን ጋር አልስማማም። ጨለማ ራሱ ድራማ አለው፣ ፈረሱ ምንም ባያደርግ እንኳ ፎቶው ትልቅ ነገር የተፈጠረ ያስመስላል። ሁሉም አንድ የሚመስለው በዚህ ነው። ስተብስ እኮ ጥቁር አላደረገውም። ሞቅ ያለ ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ግድግዳ ብትሞክሪ የጆሮው ጠርዝ፣ የጋማው መስመር፣ የአገጩ ፀጉር ሁሉ ይታያል። የሚደበቅበት ስለሌለው ፈረሱ ራሱ ፎቶውን መሸከም ይኖርበታል።

ላይት_ፈላጊ

ጋሼ ባልደራሱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሚይዘውን ሰው ነገ እደውልለታለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ቀለሙ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ኮከብ አለው። እና አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አሁን አንገቱ በጣም ወፍሯል፣ ከሩጫ ፎቶዎቹ ጋር ሳስተያየው ሌላ ፈረስ ነው የሚመስለው። ከባለቤቶቹ አንዷ “በኤዲት ወደ ድሮው መልሽልን” ብላኛለች። ማድረጉ አያቅተኝም። ግን ደስ አላለኝም። ምን ትላላችሁ?

ባልደራሱ

አይ ልጄ፣ እንዳትነኪው። ድንጉላ ለእርባታ ሲቀመጥ አንገቱ ከላይ ይወፍራል፣ የወንድነት ሆርሞኑ ነው። ሰውነቱም ይሞላል። የሩጫ ፈረስ ሲሮጥ ገና ልጅ ነው። ፍራንክል የሚባለው ፈረስ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያቆም የ4 ዓመት ፈረስ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለውን ቀጭን አንገት እዚህኛው ጎልማሳ ፊት ላይ ስትቀጥይው ሁለቱንም አይሆንም። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ቤታቸው በመጣ ቁጥር ያንን አንገት ነው የሚያየው።

ለሴትዮዋ እንዲህ በያት፦ የሮጠበት አንገት በፎቶ አላችሁ፣ የወለደበት አንገት ግን እስካሁን በደንብ አልተነሳም። ሆዱ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ፊቱንና አንገቱን እስከ ትከሻው ብቻ አንሺው፣ ያ ማጭበርበር አይደለም።

ጋማና_ብርሃን

ባልደራሱ ጨርሶታል፣ እኔ ላይቱን ልጨምር። ሥዕል_ወዳድ ልክ ነህ፣ ቀለሙን ከሰማሁ በኋላ እኔም ሐሳቤን ወዳንተ አዙሬያለሁ። ጥቁር ፈረስ በጥቁር ላይ ዓይንና ኮከብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባክግራውንዱን ጥቁር ግራጫ አድርጊው። ከዚያ ዋናው ብርሃን ከፊት መምጣቱን ይቅርና ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይምጣ። ጥቁር ቆዳ መስታወትነት አለው፣ የምታነሽው ቆዳውን ራሱን ሳይሆን እላዩ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ነው። ስለዚህ ምንጩ ትልቅና ረጅም ይሁን፣ በር ወይም ረጅም ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ በጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን)። ትንሽ ፍላሽ ከሆነ ነጠብጣብ ብቻ ነው የምታገኚው። ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ፈረሱን ከግድግዳው በደንብ አርቂው። ከላይቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ግድግዳውን የምታጠቁሪውም የምታደምቂውም በዚያ ርቀት ነው።

ኤክስፖዠሩን ስትለኪ ኮከቡን ተከታተይ። ሌላው ሁሉ ጥቁር ስለሆነ ካሜራው በራሱ ከተተወ ያበራዋል፣ ያኔ ኮከቡ ፀጉሩ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፀጉሩ አንድ በአንድ የሚታይበት ልክ ላይ ያዢው፣ ጥቁሩን በኋላ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ታነሽዋለሽ።

ኤዲት ላይ ደግሞ ዓይኑን በ100 ፐርሰንት ከፍተሽ ስታይ አንድ ነገር ያጋጥምሻል። የፈረስ ብሌን አግድም ረዘም ያለ ነው፣ ከላይኛው ጠርዙ ላይ ትንንሽ ጥቁር እብጠቶች ተንጠልጥለው ታያለሽ፣ የደረቀ ቡና ፍርፋሪ የመሰሉ። ቆሻሻ አይደሉም። የዓይኑ አካል ናቸው፣ ብዙ ብርሃን እንዳይገባበት ይጋርዱለታል ይባላል። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጠፋቸዋል፣ ያኔ ዓይኑ የአሻንጉሊት ዓይን ይሆናል። ለኮውን፣ ገለባውን፣ ዝንቡን አጥፊ። ጠባሳውን፣ የኮርቻ ምልክቱን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን የፀጉር ሽክርክሪት ተዪው።

ኅትመት_ቤት

ስለ ሽክርክሪቱ ከተነሳ አይቀር አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ፎቶውን ግራ ቀኝ እንዳትገለብጪው፣ ለግድግዳው ቢመች እንኳ። የሩጫ ፈረስ መታወቂያ ወረቀት ላይ ነጭ ምልክቶቹና የፀጉር ሽክርክሪቶቹ የት የት እንዳሉ ተመዝግቧል። ከተገለበጠ የሌላ ፈረስ ፎቶ ነው። ባለቤቶቹ ወዲያው ነው የሚያውቁት።

ኅትመቱ ላይ፣ ጥቁር የበዛበት ፎቶ ስለሆነ ወረቀቱን ቶሎ ወስኚ። ማት የጥጥ ወረቀት ደስ ይላል፣ ሲነካም ያምራል፣ ግን ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፣ የጠቆሩት ቦታዎችም ይዋጣሉ። ባራይታ የሚባለው ወረቀት ጥቁሩን ጠለቅ አድርጎ ይይዘዋል። ለዚህ ፈረስ እኔ ባራይታ ነበር የምመርጠው፣ በፒግመንት ቀለም። መጀመሪያ ኮከቡን፣ ዓይኑንና የአንገቱን ጥላ የያዘ ቁራጭ በእውነተኛ መጠኑ አሳትሚና የሚሰቀልበት ክፍል ወስደሽ እዪው። ስክሪን ላይ የሚታየው ጥላ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አንድ ሜትር ተኩል በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ወደ 8,900 ፒክስል ይፈልጋል፣ ባለ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ሳትቆርጪ ካነሳሽ ለዚያ ይቀርባል። ባለ 24 ከሆነ ወደ 100 ዲፒአይ ይወርዳል፣ ከሩቅ ለሚያየው ምንም አይልም፣ ቀርቦ የዓይኑን ሽፋሽፍት ለሚፈልግ ግን ይታወቃል። መስታወት ካስገባችሁበት የማያንጸባርቀውን ውሰዱ፣ ያለዚያ ጥቁሩ ውስጥ የሚታየው የራሳቸው ሳሎን ነው።

ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። በብዙ አገሮች የፎቶው መብት በመርህ ደረጃ ያነሳው ሰው ነው፣ ግን በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሕጉ ከአገር አገር ይለያል። ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይፈረም አይፈረም፣ አንቺ ለኤግዚቢሽን ማቅረብ ትችዪ እንደሆነ፣ እነሱ ለእርባታ ማስታወቂያ ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ። በተለይ የመጨረሻዋን አትርሺ። ለግድግዳ ብለሽ የሠራሽው ፎቶ ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ክፍያውም ሌላ ነው።